ቀይ ጃንጥላን ከቀይ አፈር መለየት

ሐሙስ ነው፤ የቀይ አፈር ገበያ ደርቷል። ከጂንካ ተነሥተው በኮንሶ መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መጥተዋል። ከተማዋ ስሟን ከየት እንዳገኘች መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጫማዎን ማየት ይበቃል። አንዲት የበና ሴት በቅቤና በቀይ አፈር ያሸችውን ጸጉሯን ከፀሐይ ልታስጥል ቀይ ጃንጥላ ዘርግታ ቅሏ አጠገብ ተቀምጣለች። ፈቃዷን ጠየቁ፣ በዋጋው ተስማሙ፣ አነሱ። ማታ ሲያዩት ግን ጃንጥላው ጸጉሩን ውጦታል። መሬቱ ቀይ፣ ጸጉሩ ቀይ፣ ጃንጥላው ከሁሉም የባሰ ቀይ። ፎቶው ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የቀን መቁጠሪያ የታሰበ ነበርና «ምናለ ጃንጥላው ሰማያዊ በሆነ» አሉ።

ይቻላል። አስቸጋሪውን ምሳሌ የመረጥኩትም አውቄ ነው። በየቪዲዮው የምናያቸው ትምህርቶች አረንጓዴ ሣር ላይ የቆመ ቀይ መኪና ይዘው «አንድ ጊዜ ጫን፣ አለቀ» ይላሉ። የደቡብ ኦሞ ፎቶ እንዲህ በቀላሉ አይገራም። እዚህ አፈሩም፣ ቆዳውም፣ ጸጉሩም፣ ቅሉም፣ የደረቀው ሣርም ከቀይ እስከ ቢጫ ባለች አንዲት ጠባብ ሠፈር ተጨናንቀው ነው የሚኖሩት። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የሚያየው ቁጥር እንጂ ጃንጥላ አይደለም።

በባጃጅ ይጀምሩ

እጅዎን ለማፍታታት ጂንካ መንገድ ላይ የቆመ ሰማያዊ ባጃጅ ያንሱ። ከበስተጀርባው ቀዩ አፈር ይግባ። በቀለም ክብ ላይ ሰማያዊና የአፈሩ ቀለም ፊትና ጀርባ ስለሆኑ መሣሪያው አያምታታቸውም። ስልክዎ ላይ ላይትሩምን ይክፈቱ። «ከለር ሚክስ» የሚባለው ክፍል ስምንት ቀለሞችን ለየብቻ ያስቀምጣል፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ማጀንታ። ሰማያዊዋን ይንኩና «ሂዩ» የተባለውን መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳቡት።

ሁለት ነገር ወዲያው ያስተውላሉ። ባጃጁ ወደ ውሃ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ይህ መሣሪያ ቀለምን ጎረቤት ድረስ ይሸኛል፤ ሰማያዊን ቀይ ለማድረግ አልተሠራም። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰማዩም የተሳፋሪው ጂንስ ሱሪም አብረው ተለውጠዋል። ምክንያቱም ያዘዙት «ይህን ባጃጅ» ሳይሆን «በፎቶው ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ሁሉ» ነው። ሰማይ በሌለበት ማዕዘን ካነሱት ግን ሥራው እዚያው ስልኩ ላይ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ከማስተካከያው በፊት ቆሞ ያነሱበት ቦታ ነው። (ስናፕሲድን የለመዱ ሰዎች «ሰሌክቲቭ»ን ይሞክራሉ። እሱ አንድን ቦታ ለይቶ ያደምቃል፣ ያፈዛል፣ ያበራል፣ ያጨልማል፤ አንዱን ቀለም ወደ ሌላ ግን አይለውጥም።)

እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው፤ መለየትና መቀየር። መቀየሩ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። ቀኑን የሚበላው መለየቱ ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች

አማርኛችን ቀለምን የሚቀዳው ከነገር ነው። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን። ኮምፒዩተር ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያው የቀለሙ ዓይነት ነው፤ በ360 ዲግሪ ክብ ላይ ይለካል፤ ቀይ 0፣ ቢጫ 60፣ አረንጓዴ 120፣ ሰማያዊ 240 ላይ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ድምቀቱ ነው፤ አዲስ ነጠላ ጥለትና አሥር ጊዜ የታጠበ ጥለት ቀለማቸው አንድ ሆኖ ድምቀታቸው ይለያያል። ሦስተኛው ብርሃኑ ነው፤ ያው ቀይ አፈር ፀሐይ ላይና ጥላ ውስጥ።

ጀማሪ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ፎቶው «የተነካካ» የሚመስለውም በዚሁ ሰበብ ነው። ዓይን የቀለም ዓይነት ሲቀየር ይቅር ይላል፤ ብርሃኑ ሲዛባ ግን ይነቃል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት የፎቶውን አጠቃላይ ቀለም ያስተካክሉ። የቀይ አፈር አቧራ አየሩን ሳይቀር ያቀላዋል፤ ነጭ ሸሚዝ እንኳ ጽጌረዳ ይመስላል። «ዋይት ባላንስ»ን ነጭ መሆኑን በሚያውቁት ነገር ላይ ይለኩ፤ ከጃንጥላው ጋር በአንድ ብርሃን ውስጥ ያለ ነጭ ማዳበሪያ ጆንያ ይሁን፣ ሌላ። ይህን ወደ ኋላ ካዘገዩት በድካም ያገኙት ሰማያዊ ጃንጥላ በመጨረሻው ሰዓት ሌላ ቀለም ይሆንብዎታል።

ዋናው ፎቶ ከእጅዎ ይኑር። ከጓደኛዎ በቴሌግራም የተላከልዎት ከሆነ «እንደ ፋይል ላክልኝ» ይበሉት። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል። በአብዛኛው የጄፔግ ፋይል ውስጥ የቀለም መረጃው ከብርሃኑ መረጃ በቁመትም በወርድም ግማሽ ነው፤ ለዚህ ነው በቀለም ልንለየው የሞከርነው ጠርዝ የደረጃ ቅርጽ እያወጣ የሚያስቸግረን። ካሜራዎ ሮው የሚያነሳ ከሆነ በሮው ያንሱ።

ጃንጥላውን መለየት

ለዚህ ሥራ ኮምፒዩተር ይሻላል። ጂምፕን የምመክረው በሁለት ምክንያት ነው፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ደግሞ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ፎቶሾፕ ካለዎት የማወራውን አብዛኛውን እዚያም ያገኙታል፤ ስሙ ግን ሊለያይ ይችላል።

ፎቶውን ይክፈቱና ሌየሩን ያባዙት። የታችኛው መጠባበቂያ ነው፤ አይንኩት። ቀጥሎ «ሰሌክት ባይ ከለር»ን ይዘው ጃንጥላው ላይ አንዴ ይጫኑ። እስቲ ምን ያዘ? ጃንጥላውን፣ የመሬቱን ግማሽ፣ ከጸጉሯ ጥቂት፣ ከበስተጀርባ የቆመ የሌላ ሰው ጨርቅ። ይህን ያደረግነው እንዲሳካ ሳይሆን እንዲያዩት ነው። በቀይ አፈር ላይ ቀለም ብቻውን መለያ አይሆንም፤ ቅርጽ ይረዳው።

ያንን ምርጫ ይሰርዙና «ፍሪ ሰሌክት»ን ያንሱ፤ እንደ ገመድ ያለው ነው። በጃንጥላው ዙሪያ ከጠርዙ ትንሽ ሰፋ አድርገው ይክበቡት። አሁን ግቢው ታጥሯል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ቀይ ሁሉ አይመለከተንም። ከዚያ «ሰሌክት ባይ ከለር»ን ወደ «ኢንተርሴክት» ቀይረው ጃንጥላውን ይጫኑ፤ ከግቢው ውስጥ ቀዩን ብቻ ያስቀራል። «ትሬሾልድ» የሚባለው ቁጥር ሲበዛ ምርጫው ይሰፋል፣ ሲያንስ ይጠባል። ሲመጣ 15 ላይ ነው፤ ለጃንጥላው ጥላ ክፍል ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ምን እንደያዙ ለማየት «ኩዊክ ማስክ»ን ያብሩ። ያልተመረጠው ክፍል በቀይ ይሸፈናል። አዎ፣ በቀይ። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ቀይ አፈር አልመጡም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ምሽት ቀይ በቀይ ላይ እያፈጠጥኩ አሳልፌያለሁ። ከመስኮቱ ግርጌ በግራ ጥግ ያለችውን የኩዊክ ማስክ ምልክት በቀኝ ይጫኑ፤ ቀለሙን የሚያዘጋጁበት ምርጫ ይመጣል፤ ደማቅ አረንጓዴ ያድርጉት። ችግሩ በአንድ ጊዜ ይገለጣል፤ የጃንጥላው ጨርቅ ጥርት ብሎ ይቀራል፣ የቀረው ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል። አሁን ብሩሽ ይዘው በነጭ ሲቀቡ ይጨምራሉ፣ በጥቁር ሲቀቡ ይቀንሳሉ። ጃንጥላው ጸጉሯን የሚነካበት ቦታ ላይ ፎቶውን 200 በመቶ አጉልተው በትንሽ ብሩሽ ይሥሩ። እዚያ አይቸኩሉ። የቀረው ጠርዝ ከሰማይ ወይም ከጥላ ጋር የሚገናኝ ስለሆነ በሻካራ እጅም ይሠራል።

ሲጨርሱ ኩዊክ ማስኩን ያጥፉ፤ ምርጫውን በ1 ወይም በ2 ፒክስል በ«ፌዘር» ያለስልሱ፤ ከዚያ ለላይኛው ሌየር ማስክ ይጨምሩለት፣ ከሚቀርቡት አማራጮች «ሰሌክሽን»ን ይምረጡ። ማስክን ወንፊት ይበሉት፤ ነጩ ያሳልፋል፣ ጥቁሩ ይከለክላል፣ ግራጫው በከፊል። ያጠፉትን መልሰው መቀባት ይችላሉ፤ ከማጥፊያ ላጲስ የሚለየውም ይህ ነው።

መቀየር፣ ከዚያም ብርሃኑን ማስታረቅ

ከማስኩ ሳይሆን ከፎቶው ላይ መሆንዎን ያረጋግጡ፤ ሌየሩ ጎን ካሉት ሁለት ትናንሽ ምስሎች የግራውን ይጫኑ። «ከለርስ» ከሚለው ዝርዝር «ሂዩ ሳቹሬሽን»ን ከፍተው ሂዩውን ወደ ‑120 ይውሰዱ። ቀይ ከ0 ወደ ኋላ 120 ዲግሪ ሲዞር 240 ላይ ያርፋል፤ ሰማያዊ።

ያገኙት ሰማያዊ ግን የከበደ፣ የጠቆረ ይመስላል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የሰው ዓይን ለሁሉም ቀለም እኩል አይበራለትም። በስክሪን ላይ ነጭን 100 ብንል ንጹሕ ቢጫ 93 ያህል ብርሃን ይሰጣል፣ አረንጓዴ 72፣ ቀይ 21፣ ሰማያዊ ግን 7 ብቻ። ስለዚህ ቀይን በዲግሪ ብቻ ወደ ሰማያዊ ማዞር መብራት እንደ ማጥፋት ነው። ቢጫ ጀሪካን ሰማያዊ ለማድረግ የሞከረ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል፤ ከ93 ወደ 7 ወርዶ ጀሪካኑ ጉድጓድ ይመስላል።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ሂዩውን ‑150 ገደማ ላይ ማቆም ነው፤ ወደ ሰማይ ቀለም የቀረበ፣ የበራ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ድምቀቱን ትንሽ ይቀንሱ። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ቀለሙን ከማዞር ይልቅ ማልበስ ነው። ከላይ አዲስ ሌየር ይክፈቱ፣ በሚፈልጉት ሰማያዊ ይሙሉት፣ የሌየሩን «ሞድ» ወደ «ኤልሲኤች ከለር» ይቀይሩ፣ ያንኑ ማስክ ይስጡት። ይህ ሞድ የታችኛውን ብርሃንና ጥላ እንዳለ ይተውና ቀለሙን ብቻ ይደርባል። የጨርቁ እጥፋት፣ የሽቦዎቹ መስመር፣ የፀሐዩ ብልጭታ ሳይነኩ ይቀራሉ። ሀሳብዎን ከቀየሩም የሰማያዊው ሌየር ላይ ሌላ ቀለም ማፍሰስ ብቻ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ሙሉውን ፎቶ ለጊዜው ጥቁርና ነጭ አድርገው የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ያስተያዩ። ጃንጥላው በሁለቱም እኩል ግራጫ ከሆነ ብርሃኑ ታርቋል። ታዋቂው ፎቶ አንሺ ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ጂንካ አካባቢ በማጎ ፓርክ የሙርሲ ሴቶችን ሲያነሳ በጥቁርና ነጭ ነበር፤ የእኛን ዓይነት ጣጣ አላየም።

ሁሉም ነገር በዲግሪ እንደማይዞር ልብ ይበሉ። ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ የቀለም ዓይነት የላቸውም፤ ሂዩውን ቢያሽከረክሩት አይነቃነቁም። ነጭ ነገር ለማቅለም በላዩ ቀለም ሞልተው ሞዱን «መልቲፕላይ» ያድርጉ። ጥቁርን ነጭ ማድረግ ግን የዋህነት ነው። በየፎቶ ቤቱ የሠርግ ወቅት የሚመጣውን «የሚዜዎቹን ጥቁር ሱፍ ክሬም አድርግልኝ» የሚል ትእዛዝ የምፈራው ለዚህ ነው። ከረባት ከሆነ እሺ። ሱፍ ከሆነ ጥቁሩ ውስጥ የተቀበረ ዝርዝር ስለሌለ ክሬሙ ካርቶን ይመስላል። የጉርድ ፎቶ ጀርባ ነጭ ማድረግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው የጸጉር ጠርዝ ብቻ ነው።

ከጃንጥላው ሥር ያለው ብርሃን

ሥራውን የጨረሱ መስሎዎት ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዩታል፤ አንድ ነገር ይቆረቁርዎታል። ጃንጥላው ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ግን ተለጥፎ ይታያል።

ፀሐይ እዚህ አናት ላይ ናት፤ ጂንካ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ በስስ ጨርቅ ውስጥ አልፎ ከሥሩ ያለውን ሁሉ በጨርቁ ቀለም ይነክረዋል። ሴትዮዋ ትከሻ ላይ፣ ቅሉ ላይ፣ ጉንጯ ላይ ከቀዩ ጃንጥላ የወረደ ቀይ ብርሃን አለ። ጃንጥላውን ሰማያዊ ስናደርግ ያ ብርሃን ባለቤት አጣ።

ቅሉና ጨርቁ ላይ ያለውን በስሱ ማደብዘዝ ይቻላል። ሌላ ሌየር፣ ድምቀቱ የተቀነሰ፣ ኦፓሲቲው 15 በመቶ ገደማ፣ በትልቅ ለስላሳ ብሩሽ የተቀባ። ሰማያዊ ለመጨመር አይሞክሩ፤ ቀዩን ማለዘብ ይበቃል። ፊቷ ላይ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። የሰው ገጽ ቀለም ላይ የሚደረግ ትንሽ ስሕተት ሰውየውን በሽተኛ ያስመስላል። ብርሃኑ ፊቷን በጣም ነክሮት ከሆነ ሰማያዊን ይተዉና ጃንጥላውን ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጠቆር ያለ ቡናማ ይውሰዱት። ለቀይ የቀረበ ቀለም ከሥሩ ያለውን ብርሃን አይክድም፤ ጸጉሯም ይለይልዎታል። እውነቱን ለመናገር እኔ ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ የማደርገው ይህንን ነው።

በሬውን አይንኩ

አሁን «ምን ይቀየር?» ወደሚለው እንምጣ። ጃንጥላ፣ ጀሪካን፣ የሱቅ በረንዳ ሸራ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባጃጅ፤ እነዚህን ለቀን መቁጠሪያ፣ ለማስታወቂያ፣ ለሠርግ አልበም ቢቀይሩ የሚጎዳ የለም። ለዜናና ለጥናት በሚውል ፎቶ ግን አንዱንም አይንኩ።

አንድ ጊዜ ለሥዕላዊ ካርድ ብዬ የከብት መንጋ ፎቶ ስሠራ ከፊት የቆመው ዳልቻ በሬ ደብዝዞ ታየኝና ቀይ አደረግሁት። ማስኩ ንጹሕ፣ ብርሃኑ የታረቀ፣ የኮራሁበት ሥራ ነበር። ሙርሲዎችና ቦዲዎች ከሚኖሩበት ከሳላማጎ የመጣ አንድ ወጣት ካርዱን አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። «ቦታውን አውቀዋለሁ፤ በሬውን ግን አላውቀውም» አለኝ። እንዳስተካከልኩት አላወቀም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ይህ በሬ የማን ነው?

በኋላ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ሙርሲዎች የቀለም ስያሜ ባሳተመው ጥናት፣ የሙርሲ የቀለም ስሞች የከብት መልክ ስሞች መሆናቸውን አሳይቷል። የጥናቱ ርእስ ራሱ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» እንደማለት ነው። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን ቦዲዎችን አጥንቶ፣ የከብት ቀለምና የሰው ማንነት ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ጽፏል። እኛም ብንሆን ዳልቻ፣ ቡሬ፣ ቦቃ ስንል መጀመሪያ የሚታየን ከብት ነው። እዚያ ግን ቀለም ጌጥ ብቻ ሳይሆን አድራሻም ነው፤ በሬውን ቀይ ማድረግ የሰው መታወቂያ ላይ ስም እንደመፋቅ ይቆጠራል።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበት ወሰን ይህ ነው፦ ቀለሙን ሰው ከሱቅ የገዛው ዕቃ ከሆነ ይቀየር፤ ቀለሙ ራሱ አንድ ነገር የሚናገር ከሆነ አይነካ። የከብት ቆዳ፣ የሐመርና የበና ሴቶች ጸጉር ላይ ያለ ቀይ አፈር፣ ካራዎች ገላቸው ላይ የሚሥሉት ነጭ፣ የአንገት ጨሌ። ጨሌው ከገበያ የተገዛ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ አመራረጡና አደራደሩ ግን የባለቤቱ ነው። ሲጠራጠሩ ጂንካ ከተማን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና ምርምር ማዕከል ይጎብኙ፤ ወይም የቀለለውን ያድርጉ፤ ያነሱትን ሰው ይጠይቁ። ያቺን የበና ሴት «ጃንጥላሽን ሰማያዊ ላድርገው?» ብለው ቢጠይቋት ምናልባት የምትወደውን ቀለም ትነግርዎታለች፤ ከእርስዎ ምርጫም ሊሻል ይችላል።

ወደ ማተሚያ ቤት

ሥራዎን በጂምፕ በራሱ ፋይል፣ ሌየሮቹ እንዳሉ ያስቀምጡ። ጄፔጉን ለብቻው ያውጡ፤ ጥራቱ 90 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ስሙንም ይለዩት፤ «የተቀየረ» የሚል ቃል ይግባበት። ከዓመት በኋላ የትኛው እውነተኛው ጃንጥላ እንደነበረ እርስዎም ይረሱታል።

የመጨረሻው ወጥመድ ቀለም ነው፤ የማተሚያው ቀለም። ስክሪን በብርሃን የሚያሳየውን ደማቅ ሰማያዊ ማተሚያ በአራት ቀለሞቹ አያወጣውም። ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል ወይም ይደበዝዛል። ስለዚህ መቶውን ቅጂ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ትንሽ የሙከራ ወረቀት ያሳትሙ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ባለው አምፖል አይፍረዱ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ደጅ ይውጡ፣ ፀሐይ ላይ ይዩት፣ ጃንጥላው ወይን ጠጅ ከመሰለ ተመልሰው ሂዩውን ጥቂት ዲግሪ ወደ ውሃ ሰማያዊ ይሳቡትና እንደገና ያሳትሙ።